ሳሃይ፣ ማሞና ዓለም ሁምቦ ሲገቡ

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ አገር ትልቅ መጽሐፍ መደብር የገባ ሰው ከልጆች ተረትም ከአዋቂ ልቦለድም የተለየ መደርደሪያ ያገኛል። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላለ አንባቢ የተጻፉ ልቦለዶች የሚቀመጡበት ነው። ባለታሪኮቹም በዚያው ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ ከወላጅ ይጣላሉ፣ ይፈራሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ይዋሻሉ። ኤስ. ኢ. ሂንተን የምትባል የኦክላሆማ ልጅ «ዘ አውትሳይደርስ»ን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ሞልቷት ነበር። ስለ ጎረምሳ ራሱ ጎረምሳው ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ብዙ ሰው ያየው ያኔ ነው።

እኛ ጋ መደርደሪያው የለም። ወላይታ፣ ሁምቦ ውስጥ፣ በተለይ ጠበላ ከተማ፣ መጽሐፍ ማለት የሚዞር ነገር ነው። አንዱ ሶዶ ደርሶ ሲመለስ ይዞ ይመጣል፤ ለጓደኛው ያውሰዋል፣ ጓደኛው ለእህቱ፣ እህቱ ለክፍል ጓደኛዋ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ከጎደሉም መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ይጠየቃል። አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚላላኩት ፒዲኤፍ አለ። በዚህ መንገድ እጃችን የሚገባው ለዕድሜያችን የተመረጠ ሳይሆን የተገኘው ነው። አንዱ በ14 ዓመቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይጀምራል፣ ሌላው «ዴርቶጋዳ»ን፣ ሦስተኛው ሽፋኑ ስለሌለ ርዕሱን የማያውቀውን መጽሐፍ።

ግን እስቲ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ እኔን በጣም ያስደነቀኝ ነው። መደርደሪያው ባይኖረንም ባለታሪኮቹ አሉን፣ ያውም ከመጀመሪያው ጀምሮ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ባለታሪኳ ጦቢያ ለጋ ልጃገረድ ስትሆን የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለወንጌል፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ ከአባቷ ግቢ በድብቅ ወጥታ፣ ማንነቷን ሰውራ፣ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ትጓዛለች። በቅርቡ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ማዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ በጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ሂሩት አለች። ወላጅ የሌላት አገልጋይ ልጅ ናት። ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ጌታዋ ይነጥቃታል፤ ጣሊያን ሲወር ግን ወታደር ሆና ከንጉሥ አምሳያ ጎን ትቆማለች። ማዛ የራሷ ቅድመ አያት ወደ ጦርነቱ መዝመታቸውን ማወቋን ተናግራለች። መጽሐፉ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ነበር።

ሦስቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። በመቶ አሥር ዓመት ውስጥ ሴት ልጅ ከቤት ለመውጣት ሌላ ሰው መምሰል፣ ወይም ጠመንጃ መያዝ፣ ወይም ሌሊት መምረጥ አለባት። እኛ ጋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተራ በተራ ያነበቡ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔ ስለ በዛብህ ደብዳቤዎች ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ እነሱ የተያዙት ሰብለ በወጣችበት ሌሊት ነበር። በየትኛው በር ወጣች? ማን ረዳት? ዘመዷ ጉዱ ካሳ ባይኖር ኖሮስ? አንዷ እንዲያውም ሰብለ ቀድማ አለመውጣቷ እንዳናደዳት ተናገረች። ታላላቆቻችን ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው እያለቀሱ ነው የሰሙት፤ እነዚህ ልጆች እየተቆጡ ነው የሚያነቡት። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል፣ የዛሬዎቹ ቁጣ ግን ይበልጥ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ጎደለው እንምጣ። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ዲማ ተምሯል፤ ጎጃምን በእግሩ እናውቃለን። ከሁምቦ ሆኖ ይህን ሁሉ የሚያነብ ልጅ ጎጃምን አይቶት ሳያውቅ ዳገቱን ያውቀዋል። የዳሞታን ተራራ፣ የአባያን ዳርቻ፣ እንሰት የከበበውን ደጅ የሚያውቅ ባለታሪክ ግን እስከ ዛሬ አላገኘም፤ ቢያንስ እኔ ካነበብኳቸው ውስጥ የለም። ከደቡብ የመጣ ሰው በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ብቅ ሲል ብዙ ጊዜ በር ይከፍታል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ከዚያ ምዕራፉ ያልፋል። ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም። በዓሉ ግርማ በ«የሕሊና ደወል» ሐዲስ ሳህሌን ይዞን ኢሉባቦር መግባቱ ያኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ እሱ ራሱ የዚያ አገር ልጅ ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የሞከረ አንድ ሰው አለ፤ ስሙን የሚያውቀው አንባቢ ቁጥር ሲያንስ ያስቆጨኛል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሁለት ከተሞች ወግ»ንና «መከረኞቹ»ን ወደ አማርኛ የመለሰው ደራሲ ነው። ወጣት ሳለ አሜሪካ ሲማር የቸሃ ልጅ የሽነጋን ታሪክ በራሱ በቸሃ ቋንቋ ጻፈ። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ተረጎመውና በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። የጉራጌ መንደር ልጅ የልቦለድ ባለቤት ለመሆን ሎስ አንጀለስ ድረስ መሄድ ነበረበት ማለት ነው።

የወላይታ ተማሪ መጽሐፍ በምን ቋንቋ እንደተጻፈና ማንን እንደሚመስል ግድ የለውም የሚል ካለ 1992 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ ቋንቋ ለማስተማር «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው መጡ። ሶዶ ላይ ተማሪው፣ መምህሩና ነዋሪው ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ በጣም ቀላል ነበር፤ ልጄ የሚከፍተው መጽሐፍ የእሱ ነው ወይስ አይደለም?

አሜሪካ ውስጥ ይህን ጥያቄ ጥሩ አድርገው ያብራሩት ፕሮፌሰር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ናቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. በጻፉት አጭር ጽሑፍ መጽሐፍ አንዳንዴ መስታወት ነው፣ አንዳንዴ መስኮት ነው፣ አንዳንዴም ተንሸራታች የመስታወት በር ነው አሉ። ራስህን ታያለህ፣ ሌላውን ታያለህ፣ ወይም ገፍተኸው ትገባለህ። አንዳንድ ልጆች መስኮት ብቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ መስታወት ብቻ ሲሰጣቸው ሁለቱም እንደሚጎዱ አስረዱ። እኛ መስኮት አላጣንም። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ስንቱን ሰው ጆርጂያ ወስዶታል! የመጽሐፉን ባለታሪክ ስካርሌትን እንደ ጎረቤት እናውቃታለን። ቤቷን የሚያገለግሉት ጥቁሮች ግን ምን ያስቡ እንደነበር ከመጽሐፉ አልተማርንም። አሜሪካ ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. የተነሣው የተለያየ ዘርና ኑሮ ያላቸው ባለታሪኮች ይጻፉ የሚለው ዘመቻ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ»ም፣ የመጡት ከዚህ ጉድለት ነው።

አሁን ወደምጓጓለት ልግባ። እኛ ለወጣቶቻችን ለብቻ ሳንጽፍ የውጭ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጽፈዋል። ሦስቱን አንብቤ ለጓደኞቼም አዙሬያለሁ። ለልጆች የተጻፉ ስለሆኑ እንግሊዝኛቸው አይከብድም፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ይወጣዋል።

አንደኛው የቤንጃሚን ዜፋንያ «ሬፊዩጂ ቦይ» ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዜፋንያ በርሚንግሃም የተወለደ የራስተፈሪያን ገጣሚ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አርፏል። ባለታሪኩ ዓለም ቀሎ 14 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ትቶለት ይመለሳል። የመጽሐፉ መግቢያ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች ሌሊት ቤት ሰብረው ገብተው እናትየዋ የጠላት ወገን ናት ብለው ያስፈራራሉ። ቀጥሎ ያው ትዕይንት ኤርትራ ውስጥ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ይደገማል፤ የተቀየረው የጠላቱ ስም ብቻ ነው። መጽሐፉን ያዋስኩት ልጅ ማተሚያ ቤቱ ገጹን በስህተት ደግሞ ያተመ መስሎት ሊያልፈው ነበር፤ ተመልሶ ሲያነበው ዝም አለ። የተቀረው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዓለም ከመጠን በላይ ጨዋ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያ ሁሉ ደርሶበት አንድ ሰሃን እንኳ አለመስበሩ አይገባኝም። የግጥም ሰው ለምን ሲሳይ፣ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው፣ ታሪኩን በ2013 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ማዘጋጀቱ ግን ትርጉም ይሰጣል።

ሁለተኛው የጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ። ጄን ከርትዝ አሜሪካዊት ብትሆንም ያደገችው ወላጆቿ ለሚሲዮን ሥራ በመጡባት ማጂ ነው፤ ለእኛ ሩቅ ጎረቤት ናት። ታሪኩ ግን የጎንደር አካባቢ ነው፤ ዘመኑ የ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ረሀብና ስደት። ሳሃይ የቅማንት ልጅ ናት፤ ዘመዶቿን አጥታ ከአጎቷ ጋር ወደ ሱዳን ትሸሻለች። ራሄል ቤተ እስራኤል ናት፤ ዓይኗ አያይም፤ ከአያቷ የተቀበለቻቸው ዶቃዎች አሏት፣ ዶቃዎቹም ተረቶቹን ያስታውሷታል። ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍርሃት ይሄዳሉ።

ይህን መጽሐፍ ከሁለቱ አስበልጬ የምወድበት ምክንያት ይኸውላችሁ። ሳሃይ የተበደለች ናት፣ ግን ንጹሕ አይደለችም። ቤተ እስራኤሎች ቡዳ ናቸው እየተባለ ነው ያደገችው። ራሄል አጠገቧ ስትደርስ ትሸሻለች፤ ጥላዋ እንዳይነካት ትጠነቀቃለች። ደራሲዋ አትገስጻትም፣ ወዲያው ጥሩ ልጅም አታደርጋትም፤ ከነፍርሃቷ ታስኬዳታለች። አንባቢው ለሳሃይ እያዘነ መንገዱን ስለጀመረ ከእሷ ጋር አብሮ ይሸሻል። ገና ሲባንን ነው የማንን እጅ እየሸሸ እንደነበር የሚያየው።

ሁምቦ ውስጥ ይህን ያነበበ ሰው ጎንደር ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። የገበያ ቀን የሸክላ ተራውን እዩ። ሴቶቹ ድስቱን፣ ጀበናውን፣ ገንቦውን ደርድረው ከዳር ይቀመጣሉ። ገዢው ድስቱን አንስቶ በጣቱ ያንኳኳል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ያ ድስት ቤቱ ገብቶ ወጥ ይሠራበታል፣ ሁሉም ይበላበታል። የሠራችው ሴት ግን በድሮው ልማድ እዚያ ቤት ገብታ ከዚያ ድስት አትበላም፤ እሱም እሷ ቤት ቡና አይጠጣም። በወላይታ ሸክላ ሠሪውም ቆዳ ፋቂውም እንዲህ ተለይተው ኖረዋል። ዛሬ አንድ ክፍል አብረው የሚማሩ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚዘምሩ ሞልተዋል፤ የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ይሰማል። የሳሃይን ታሪክ ካነበቡት አንዷ «ይቺ ልጅ እኛ ናት» አለች። መጽሐፉ የወላይታን ስም አንዴ እንኳ አይጠራም፤ ግን ያየነው መስታወት ይህ ነው። ስለዚህ ስለ ብዝኃነት ሲወራ የየትኛው ብሔረሰብ ስም ተጠራ ብሎ መቁጠር ለእኔ ሁለተኛ ነው። ባለታሪኩ መሳሳት፣ መቅናት፣ መናቅ ተፈቅዶለታል ወይ? መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

በነገራችን ላይ ጄን ከርትዝ ከልቦለዱ በላይ ያደረገችልን ነገር አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ሰው ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ ያነበበው ለመጀመሪያ ጊዜ በ19 ዓመቱ ነበር፣ ያውም የፍቅር ልቦለድ። ተሰዶ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ፤ እዚያ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ከጄን ከርትዝ ጋር «ኢትዮጵያ ሪድስ»ን መሠረቱ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እዚሁ ቅርባችን ሐዋሳ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት። አህያ እህልና ውኃ ሲጭን ነው የምናውቀው፤ ልጆቹ ጋሪውን ሲያዩ ምን እንዳሉ ብሰማ እወድ ነበር።

ሦስተኛው የኤሊዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሌርድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መምህርት ነበረች፤ ኋላም ተመልሳ አገሩን እየዞረች ከየክልሉ ተረት ሰብስባለች፤ ስለዚህ የምትጽፈው በሩቅ የሰማችውን አይደለም። ማሞ እናቱ ስትሞት ከእህቱ ከትዕግሥት ጋር ይቀራል። አንድ ሰው አጎትህ ነኝ ብሎ መጥቶ ሥራ አገኝልሃለሁ ይለውና ገጠር ወስዶ ለገበሬ ይሸጠዋል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ነው፤ አባቱን ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱ አዲስ አበባ የመቃብር ቦታ ይገናኙና ሚሊዮን የሚባል ልጅ ከሚመራው የጎዳና ልጆች ቡድን ጋር መኖር ይጀምራሉ።

«አጎትህ ነኝ» የሚለው ትዕይንት ላይ ከእኛ አካባቢ ያነበበው ሁሉ ይቆማል። እዚህ ሰፈር የአንድን ልጅ እጅ ይዞ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ያሳፈረ ደላላ የማያውቅ ማን አለ? ልጁ እማራለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ሜክሲኮ ወይም መርካቶ ይገኛል። ዘመድ የሚሉት ሰው የዘመድ ዘመድ ነው፣ ወይም ጨርሶ አይደለም። ሌርድ ይህን ስትጽፍ ሰውዬውን ጭራቅ አላደረገችውም፤ ፈገግ ይላል፣ ለልጁ ምግብ ይገዛለታል። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ማሞም አሳዛኝ ብቻ አይደለም፤ መዝፈን ይወዳል፣ ይቀናል፣ ያኮርፋል። አንድ የኛ ልቦለድ ለሊስትሮ ልጅ ይህን ያህል ገጽ ሰጥቶ አላየሁም።

ግን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን ጨርሳ ስትመልስልኝ ያለችው አልወጣልኝም። በታሪኩ ውስጥ መጻፍ የሚችለው ዳኒ ነው፤ ተረት ይጽፋል፣ ልጆቹ ይሸጡለታል፣ ከቤተሰቡም የሚያገናኘው ያው ጽሑፉ ይሆናል። «ማሞ ግን ከዳኒ የበለጠ ታሪክ አለው፤ ለምን የሚጽፈው ዳኒ ሆነ?» አለች። ዳኒ ስለተማረ ነዋ፣ አልኳት። «እሱን አውቃለሁ» አለችና ሄደች። መልሴ እውነት ነው፣ ግን የጠየቀችውን አልመለሰም። የቸሃውን ሽነጋን የጻፈው የቸሃ ልጅ ነው። የሁምቦው ማሞ የሚጽፍበት ወላይትኛ ደግሞ ዛሬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማሩበታል፤ ፊደሉም መጽሐፉም አለ። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ፣ ከቤት የጠፋ ጎረምሳ በወላይትኛ የሚያወራበት አንድ ወፍራም ልቦለድ ብቻ አምጡልኝና ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ።

እስከዚያው የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከ«ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ጀምሩ፤ ይፈጥናል፣ ከተማውን ታውቁታላችሁ። ቀጥላችሁ የሳሃይን ታሪክ ያዙ፣ ግን ለብቻ አታንብቡት፤ አብሯችሁ የሚከራከር ሰው ይኑር። «ሬፊዩጂ ቦይ» ላይ መግቢያው የተደገመ ቢመስላችሁ አትዝለሉት። «ዘ ሻዶው ኪንግ» ለጎረምሳ የተጻፈ አይደለም፤ ጭካኔው ከባድ ስለሆነ ከፍ ላሉት ይቆይ። የእኔ ቅጂዎች አሁን በሰው እጅ ናቸው፤ የሳሃይን የያዘው ሰው ይህን ካነበበ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ልጆች አሉ።